ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱ ቢፈጥን፦ «ቴክኖሎጂ ማቆሚያ የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአያት እስከ ጀሞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ቴክኖሎጂ በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ስለሚያድግ ማቆሚያ የለውም፤ ከሰው የሚልቅ ማሽን አንዴ ከተሠራ ራሱን በቀናት ውስጥ እያሻሻለ ይመነጠቃል፤ ለዚህ የሚሆን መብራት ከህዳሴ ግድብ ሞልቶልናል፤ መደበኛ ስልክን ዘለን ሞባይል ላይ እንደደረስን የቀረውንም እንዘለዋለን፤ አማርኛን ማሽኑ በራሱ ይማረዋል፤ ስለዚህ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ልጆች «ኤሌክትሪክ ሥራ፣ ቧንቧ ሥራ» እያሉ ዕድሜያቸውን አይፍጁ። ቀኑም ተቆርጧል፤ 2045። በእኛ አቆጣጠር 2037 ገደማ መሆኑ ነው፤ ጸሐፊው ሰባት ስምንቷን ዓመት አልቀነሱልንም። እኛም ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡን ተረት ነው ብለን አናጣጥለውም። የሒሳብ ሊቁ አይ ጄ ጉድ «የአእምሮ ፍንዳታ» የሚለውን፣ ማሽን ራሱን እያሻሻለ ይመነጠቃል የሚል ሐሳብ በ1965 ጽፎታል። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ቨርነር ቪንጅ በ1993 ከሰው የሚልቅ ማሽን በ30 ዓመት ውስጥ ይመጣል አለ፤ 2023 አለፈ። ከ2030 በኋላ ቢሆን ይገርመኛል ብሎ ስለነበር ጥቂት ጊዜ ይቀረዋል። 2045ን ያመጣው አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ሬይ ከርዝዌል ነው። ማሽን በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ፣ በ2016 ሊ ሴዶልን ጎ በተባለው የእስያ የሰሌዳ ጨዋታ አሸንፏል፤ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብይ ፕሮግራም ለሠሩ ሰዎች ተሰጥቷል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። የማንቀበለው ከዚህ ተነሥቶ የተደረሰበትን ድምዳሜ ነው።

«እጥፍ የሚሆን ነገር ማቆሚያ የለውም» ብለዋል። በጤፍ እንቁጠረው። አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፍሬ፣ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ አራት እያልን ብንሄድ በ20ኛው ቀን 150 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ እንጀራ እንኳ ያጠራጥራል። በ30ኛው ቀን አንድ ኩንታል ተኩል አልፏል። በ55ኛው ቀን 54 ሚሊዮን ኩንታል ይደርሳል፤ አገሪቱ በዓመት የምታመርተው ጤፍ እዚያው አካባቢ ነው። ለ56ኛው ቀን ሁለት ኢትዮጵያ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ 57ኛውም፣ 58ኛውም ቀን አለ። የሚያልቀው ማሳው ነው። ስለ እጥፍ የሚጽፍ ሰው መመለስ ያለበት ጥያቄም «ማሳው ምንድን ነው? ስንተኛው ቀን ላይ ነን?» የሚለው ነው።

የኮምፒውተር አንጎል ለሆነው ለቺፕ መልሱ በከፊል ይታወቃል። ኋላ የኢንቴል ኩባንያ መሥራች የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፉት ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ ይሆናሉ አለ፤ በ1975 ራሱ አርሞ ወደ ሁለት ዓመት አራዘመው። ትንቢቱ በሚያስገርም ሁኔታ ሠርቷል። የ1971ዱ ኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተር (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ረቂቅ ክፍል) ነበረው፤ የ2022ቱ የኤንቪዲያ ኩባንያ ኤች100 ቺፕ 80 ቢሊዮን አለው። በ51 ዓመት 25 ጊዜ እጥፍ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ያልጠቀሱት ግን አብረው እጥፍ ይሆኑ የነበሩት ሌሎች ነገሮች አንድ በአንድ መቆማቸውን ነው። ፍጥነቱን እንይ፤ በ2004 ገበያ ላይ 3.8 ጊጋ ኸርዝ (በሰከንድ 3.8 ቢሊዮን ምት) የሚደርስ ቺፕ ነበር። በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ቢሆን ኖሮ በ2024 4,000 ጊጋ ኸርዝ ገደማ በደረሰ፤ የዛሬው ፈጣን ቺፕ 6 ላይ ነው። የቆመበት ምክንያት ሙቀት ነው። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ መውረዱን አቆመ፤ ቮልቴጁ ካልወረደ ፍጥነት በተጨመረ ቁጥር ቺፑ ይግላል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ አንዱን የስሌት ክፍል ከማፍጠን በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ትንንሽ የስሌት ክፍሎችን ጎን ለጎን ወደ መደርደር ዞሩ። መዘዙ መብራት ላይ ወደቀ፤ የ1971ዱ ቺፕ 1 ዋት ገደማ ይበላ ነበር፣ ኤች100 እስከ 700 ዋት ይበላል።

በቦሌ በኩል የሚያልፍ ሰው ይህንኑ ነገር ቀና ብሎ ማየት ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹን፣ የተረከበው በ1962 መጨረሻ ነው። ድሪምላይነር የገባው በ2012 ነው። በመሀሉ 50 ዓመት አለ፤ ሁለቱም የሚበሩት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሞከረው ኮንኮርድ ከ1976 እስከ 2003 መንገደኛ አመላልሶ ቆመ። አውሮፕላን በነዳጅ ቁጠባ፣ በድምፅ፣ በደኅንነት ብዙ ተሻሽሏል፤ ፍጥነቱን ግን የድምፅ ግድግዳ፣ ማለትም ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጉ የሚያይለው የአየር ግፊት፣ እና የነዳጅ ወጪ እዚያው አስረውታል። በ1962 ቆሞ መስመሩን በማስመሪያ ያራዘመ ሰው ዛሬ ከአዲስ አበባ ለንደን በግማሽ ሰዓት እንገባለን ብሎ በማለ ነበር።

የጽሑፉ ልብ ግን ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ «ብልህ ማሽን የበለጠ ብልህ ማሽን ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ሌላውን፤ ሁሉም በቀናት ውስጥ ያልቃል» የሚለው። እዚህ ላይ የኮምፒውተር ንድፍ አውጪው ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበውን ቀላል ስሌት ማስታወስ ይበቃል፤ የአንድን ሥራ ከፊሉን ብቻ ብታፈጥን ጠቅላላውን የሚወስነው ያልፈጠነው ክፍል ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል። ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ውኃው ይቀዳል፣ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል አንድ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ምጣዱ ላይ አንዱ እንጀራ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ 30 እንጀራ ቢሆን ከማጋሉ ጋር ሁለት ሰዓት ነው። አሁን በቅጽበት የሚጋግር ተአምረኛ ምጣድ ተሠራ እንበል። ከ72 ሰዓት ሁለቱ ተቀነሱ። ሊጡ ገና እየቦካ ነው።

የቺፕ ሊጥ ረጅም ነው። ንድፉ አልቆ ፋብሪካ ከገባ በኋላ ቺፖቹ የሚሠሩበት አንዱ የሲሊከን ዝርግ ከአንድ ሺህ በላይ ደረጃዎችን ያልፋል፤ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ረቂቁን መስመር የሚያትመውን ማሽን የሚሠራው በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። ማሽኑ በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ እያንጠባጠበ እያንዳንዱን በጨረር ይመታል፤ ከዚያ የሚወጣው 13.5 ናኖ ሜትር ብርሃን አየርም ብርጭቆም ስለሚውጠው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ በመስተዋት ብቻ ይመራል። የአንዱ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የቱንም ያህል ብልህ ንድፍ አውጪ ቢመጣ እዚህ ወረፋ ይጠብቃል።

በሕክምናም ያው ነው። በጥር 2020 የኮሮና ቫይረስ የዘረ መል ቅደም ተከተል ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ የሞደርና ክትባት ንድፍ አልቆ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። በመሀል ያለውን 11 ወር የወሰደው ማሰብ አይደለም፤ 30,000 ሰው መመዝገብ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መርፌ መሀል 28 ቀን መቆየት፣ ከዚያ ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ መጠበቅ ነበር። የሰው ደም 28ቱን ቀን በሦስት ቀን አይጨርስም። ጸሐፊው «በሽታ በሳምንታት ይጠፋል» ያሉት ይህን ዘለው ነው።

ማሽኑ ፋብሪካ ሳያስፈልገው በሶፍትዌር ብቻ ራሱን ያሻሽላል ለሚሉም መልስ አለ። በ2020 ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት መለኪያ መሠረት የቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጣዩን ቃል የሚገምት ፕሮግራም) ስህተት ከስሌት አቅም ጋር የሚወርደው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ አቅሙን አሥር እጥፍ ብትጨምር ስህተቱ በመቶ 11 ገደማ ይቀንሳል። ስህተቱን በግማሽ ለማውረድ አቅሙ 20 ጊዜ እጥፍ መሆን አለበት፤ ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ፍንዳታ ከትንሽ ወጪ ትልቅ ውጤት ነው፤ ይህ ደግሞ ከትልቅ ወጪ ትንሽ ውጤት ነው። ለጸሐፊው ልንተውላቸው የሚገባ ነጥብ አለ፤ ይህች ትንሽ ቅናሽ አንዳንዴ ያልተጠበቀ አዲስ ችሎታ ይዛ ትመጣለች፣ ዘዴውንም ማሻሻል ወጪውን ይቀንሳል። ሆኖም የሚሊዮን እጥፉን ሒሳብ የሚከፍለው መብራት ነው። ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

«ከግድቡ በኋላ መብራት ችግር አይደለም፤ ዳታ ማዕከሎች የከተማውን ዳርቻ ይሞሉታል» ተብሏል፤ ዳታ ማዕከል ብዙ ኮምፒውተር ተደርድሮ ቀን ከሌት የሚሠራበት ግቢ ነው። መለኪያችንን ምጣድ እናድርግ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.75 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ስምንት ኤች100 የተሸከመ አንድ ሰርቨር፣ የዳታ ማዕከል ኮምፒውተር፣ እስከ 10.2 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ሦስት ምጣድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። 72 አዳዲስ ቺፖች የታጨቁበት አንድ መደርደሪያ 120 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ይህ 32 ምጣድ ከአንድ ቁም ሣጥን በማይበልጥ ነገር ውስጥ እንደ መጣድ ነው፤ ምጣዱ ግን በሳምንት ሁለቴ ለሁለት ሰዓት ነው የሚጣደው፣ ይኼኛው ሌሊትም አይነቀልም። በየመንደሩ እንጨት ላይ የምናየው 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ማቀዝቀዣው ሲጨመር ከሁለት እንዲህ ዓይነት ቁም ሣጥን በላይ አይችልም፤ ሰፈሩ በሙሉ ተቋርጦ ማለት ነው።

ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ጉልበት ሲዞሩ ነው። በዓመት ይሰጣል የሚባለው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለ8,760 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ እየተሠሩ ያሉ ትልልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ግቢዎች አንዳንዶቹ ብቻቸውን 1,000 ሜጋ ዋት ይጠይቃሉ። አንድ ግቢ ከግድቡ አማካይ ምርት ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ከ260,000 በላይ ምጣድ ባንዴ ተጥዶ እንደማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት ባላገኘበት አገር ይህ ምርጫ ነው፤ በራሱ ጊዜ የሚሆን ዕድል አይደለም።

ኃይሉ ቢኖርም መንገዱ አለ። ከግድቡ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እየወረደ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ አልፎ፣ በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ትራንስፎርመር ጋ ደርሶ ነው 380/220 ሆኖ ቤት የሚገባው። ዳርቻው ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው ችግር ያለው በዚህ መጨረሻ ላይ ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቆጣሪው ጋ 220 መሆን የነበረበት 180 ይሆናል። ምጣድ በኤሌክትሪክ የሚግል ተራ ሽቦ ስለሆነ ጉልበቱ የቮልቴጁን ካሬ ይከተላል፤ 180 ሲካፈል ለ220 በካሬ 0.67 ነው። 3.75 ኪሎ ዋቱ 2.5 ሆነ። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ ሊጡን ትወቅሳለች። ኮምፒውተር ግን በተቃራኒው ነው። ኃይል ሰጪው ክፍል የሚፈልገውን ዋት ሳያገኝ አይለቅም፤ ቮልቴጅ ሲወርድበት ብዙ አምፔር ይስባል። 3 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ሰርቨር በ220 ቮልት 13.6 አምፔር የሚወስደው በ180 16.7 ይሆናል። መስመሩ ይበልጥ ይግላል፣ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርዳል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። ምጣድ ሲቸግረው ይለግማል፤ ሰርቨር ሲቸግረው ጎረቤቱን ይዞ ይወድቃል።

ሞዴል የሚያሠለጥኑ ማሽኖች ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2024 ላማ 3 የተባለውን ሞዴል በ16,384 ቺፖች ሲያሠለጥን በ54 ቀን 419 ያልታሰበ መቋረጥ ገጥሞታል፤ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ማለት ነው። ያውም መብራቱ የማይዋዥቅበት ቦታ ላይ። መፍትሔው ሥራውን በየጊዜው እያስቀመጡ ከወደቀበት መቀጠል ነው፤ ያን ሁሉ የሚያስቀምጥ ማከማቻና ቶሎ የሚቀይር ባለሙያ ይፈልጋል።

ከፍታችንም ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ዳርቻው በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃ 92 ዲግሪ ላይ የሚፈላው፣ ባቄላ የሚዘገየው ለዚህ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሳሳ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የዳታ ማዕከል መመሪያዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ፤ 2,400 ሜትር ላይ 5 ዲግሪ ተቀነሰ። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩም በሳሳ አየር ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አምኖ የገዛ ሰው መብራት የጠፋ ቀን ያውቀዋል። በሌላ በኩል ሱሉልታ ላይ ሌሊት የሚነፍሰው ቅዝቃዜ ለማቀዝቀዣ ወጪ ትልቅ ጸጋ ነው። ጸሐፊው ይህን ለክርክራቸው ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር፤ አላነሱትም። ማከፋፈያው ሳይሰፋ፣ መስመሩ ሳይጠነክር ግቢ አጥሮ መጠበቅ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው።

«ሞባይል ላይ ዘልለናል፤ ሁሉን እንዘላለን» ለሚለው፦ የዘለልነው በየቤቱ የሚገባውን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። የሞባይል ማማው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍቶ ላየ ሰው መብራት፣ 48 ቮልት ባትሪ፣ ጄኔሬተርና ፋይበር እዚያው አሉ። 2 ኪሎ ዋት የሚበላ ጣቢያ ከባትሪው 42 አምፔር ገደማ ይስባል። 400 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ እንዳይጎዳ ከግማሽ በታች ካልወረደ አምስት ሰዓት አይሞላም። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ሳይሞላ እንደገና ይወርዳል፤ በውስጡ ያሉት የሊድ ዝርጎች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገራል፣ አምስቱ ሰዓት ሁለት ይሆናል። «መብራት ሲጠፋ ኔትወርክም አብሮ ይጠፋል» የሚባለው ከዚህ ነው። የተዘለለው ደረጃ ከሥር አለ።

ስለ አማርኛ የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ የተመዘገበው በ1999 ነው፤ በኮምፒውተር ውስጥ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የማከማቻ መስፈሪያ) ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። «አልተመለሰችላቸውም» 11 ፊደል፣ 33 ባይት ነው፤ አማርኛን በደንብ ያላየ ሞዴል ይህን አንድ ቃል እስከ 33 ቁራጭ ሊቆራርጠው ይችላል፤ በቁራጭ የሚከፈልበት አገልግሎት ላይ ዋጋውም እንደዚያው ነው። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» እና በ«ፀ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ስንጽፍ ስድስት ዓይነት ይሆናል፤ ለማሽኑ ስድስት የተለያየ ቃል ነው። ይህን የሚያስተካክለው ተቀምጦ ሞክሼ ፊደላቱን የሚያገናኝ፣ የተደጋገመ ዜና የሚያወጣ፣ ያልተጻፈውን የሚጽፍ ሰው ነው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ አለው፣ የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ። ከሌለ ጽሑፍ ማሽን አይማርም።

የመጨረሻው፣ ልጆቹ ሙያ አይማሩ የተባለው፣ ባይጻፍ ይሻል ነበር። ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ስለ መብራት ብዙ ያውቃል፤ ምጣድ 17 አምፔር ስለሚስብ በ1.5 ካሬ ሽቦና በዲቫይደር አይሰካም፣ 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል ብሎ በትክክል ይመልሳል። ኮንዶሚኒየሙ ላይ መብራቱ አንዴ ደምቆ አንዴ ሲፈዝስ? ምጣድ ሲጣድ በቴስተር መለካት ነው። ሦስቱም ፌዝ (መብራት የሚያመጡት ሦስቱ መስመሮች) አብረው ከወረዱ ጭነት በዝቷል ወይም መስመሩ ቀጥኗል። አንዱ ፌዝ ወርዶ ሌላው ወደ 260፣ ወደ 300 ከወጣ ኒውትራሉ (የጋራ መመለሻው ሽቦ) ላልቷል፤ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ነቅሎ ወደ መብራት ኃይል መደወል እንጂ ቆጣሪውን መነካካት አይደለም። ይህንንም ማሽኑ ይነግርሃል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው እንጨቱ ጫፍ ላይ ነው፤ የአሉሚኒየሙ መስመር ከመዳቡ ሽቦ ጋር ሁለቱን ብረቶች ከሚያገናኘው ቢሜታል ማያያዣ ውጭ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ክረምት በገባ ቁጥር በዝናቡ እየተበላ። ያን ማያያዣ ለመቀየር ፊውዙን የሚያወርድ፣ መስመሩ መሞቱን ሁለቴ የሚፈትሽ፣ ቀበቶውን ታጥቆ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል፤ ከታችም መሰላሉን የሚይዝለት ሁለተኛ።